የሁለት ኃያላን ፕሮሰሰሮች ንጽጽር፤ ፍጥነትና ዋጋ በምን ሚዛን ይመዘናሉ?

(በሬዲዮ ከተሰማው ንግግር)



ኮምፒዩተር በዛሬው ጊዜ በየመሥሪያ ቤቱ የጽሕፈት መኪናውን ስፍራ ወርሶ፤ መዝገብ ቤቱን ያጣብብ የነበረውንም ፋይል በሆዱ ሰብስቦ ይገኛል። ይሁን እንጂ ስለ አንድ ኮምፒዩተር መልካምነት ሲጠየቅ አብዛኛው ሰው የሚናገረው ስለ መስተዋቱ ስፋትና ስለ መልኩ ማማር ነው። የሥራው ሁሉ ምንጭ የሆነው፤ በመጠኑም ከክብሪት ቀፎ እምብዛም የማይበልጠው ፕሮሰሰር ግን በማቀዝቀዣ ተሸፍኖ የሚኖር በመሆኑ የሚያየውም የሚያስታውሰውም የለም።

ነገር ግን ለከባድ ሥራ በሚገዛ ኮምፒዩተር ላይ ብዙ ገንዘብ ከሚወስዱት ክፍሎች አንዱ ይህ የማይታየው ዕቃ ነው። ከእናንተ መካከል አንዳንዱ ለልጁ ትምህርት ወይም ለግል ሥራው ከደመወዙ ቆጥቦ ይገዛል፤ አንዳንዱም የግዢ ኮሚቴ አባል ሆኖ በሕዝብ ገንዘብ ላይ ይፈርማል። በሁለቱም ረገድ ሻጩ የሚያቀርበው ወረቀት በቁጥር የተሞላ ነው። ቁጥሩ ምን ማለት እንደ ሆነ ያልተረዳ ገዢም ከሁለት ስሕተት በአንዱ ይወድቃል፤ ወይም ትልቁን ቁጥር መርጦ የማያስፈልገውን ይገዛል፤ ወይም ትንሹን ዋጋ መርጦ የማይበረክተውን ይወስዳል።

ስለዚህ በአንድ ወቅት ለተራ ገዢ ከሚሸጡት ፕሮሰሰሮች በላይኛው ደረጃ ላይ የነበሩትን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠን እንመልከት። አንደኛው የኤ.ኤም.ዲ. ኩባንያ ሥራ የሆነው ራይዘን 9 7950 ኤክስ ነው፤ ሁለተኛው የኢንቴል ኩባንያ ሥራ የሆነው ኮር አይ 9 13900 ኬ ነው። የፊተኛው ለሽያጭ የቀረበው በመስቀል በዓል ዕለት፤ መስከረም 17 ቀን 2015 ዓ. ም. ሲሆን፤ የኋለኛው ከ23 ቀን በኋላ ጥቅምት 10 ቀን ተከተለው። ዛሬ ከሁለቱም የሚልቁ አዳዲሶች ወጥተዋል። እነዚህን የመረጥንበትም ምክንያት ይኸው ነው። አዲስ ዕቃ ገበያ በሚወጣበት ቀን የሚነገርለት ሁሉ ተስፋ ነው፤ እውነተኛ ዋጋው የሚታወቀው ዓመታት ካለፉበት በኋላ ነው። በእነዚህ በሁለቱ ላይ ግን ዓመታቱ ፍርዳቸውን ሰጥተዋል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

በመጀመሪያ ስለ ሠሪዎቹ ጥቂት እንበል። ኢንቴልን በ1968 ሮበርት ኖይስና ጎርደን ሙር መሠረቱ፤ ኤ.ኤም.ዲ.ን ደግሞ በ1969 ጄሪ ሳንደርስ ከባልንጀሮቹ ጋር አቋቋመ። ሦስቱም ሰዎች ቀድሞ ፌርቻይልድ በሚባለው ኩባንያ ውስጥ ይሠሩ የነበሩ ናቸው፤ ሁለቱም ኩባንያዎች ዛሬ ዋና መሥሪያ ቤታቸው በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ግዛት በሳንታ ክላራ ከተማ ነው። ኮምፒዩተር ሠሪው አይ.ቢ.ኤም. የፕሮሰሰር አቅራቢው አንድ ብቻ እንዲሆን ስላልፈለገ፤ ሁለቱ በ1982 የዕውቀት ልውውጥ ውል ተዋዋሉና ኤ.ኤም.ዲ. የኢንቴልን ንድፍ እየተከተለ መሥራት ያዘ። ውሉ በኋላ በክርክር ቢፈርስም ፍሬው አልጠፋም። የሁለቱም ፕሮሰሰሮች እስከ ዛሬ አንድ ዓይነት የትእዛዝ ቋንቋ ይሰማሉ፤ ለአንደኛው የተጻፈ ፕሮግራም ያለ ለውጥ በሌላው ላይ ይሠራል። ገዢ በሁለቱ መካከል በነጻ ሊመርጥ የቻለውም በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ፕሮሰሰር ምን እንደሚሠራ እንመልከት። ሥራው ሲታይ እጅግ ቀላል ነው፤ ቁጥር ይደምራል፤ ሁለት ነገሮችን ያወዳድራል፤ ያገኘውንም ውጤት ከቦታ ወደ ቦታ ያዛውራል። ድንቅ የሚያሰኘው ፍጥነቱ ነው። በውስጡ እንደ ሰዓት የሚመታ ምት አለ፤ ሥራውም በዚያ ምት ልክ ይራመዳል። የራይዘኑ ከፍተኛ ምት 5.7 ጊጋኸርትዝ ነው፤ ይህም ማለት በአንድ ሰከንድ ውስጥ 5 ቢሊዮን 700 ሚሊዮን ጊዜ ይመታል ማለት ነው። በአንዱ ምትና በሚቀጥለው ምት መካከል ባለችው ቅጽበት ውስጥ ከሁሉ ፈጣን የሆነው ብርሃን እንኳ ሊጓዝ የሚችለው 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የኢንቴሉ ከፍተኛ ምት 5.8 ጊጋኸርትዝ ነው። በሻጭ አንደበት ይህ ልዩነት ትልቅ ሊመስል ይችላል፤ በሒሳብ ግን ከመቶ 2 እንኳ አይሞላም። ያውም ይህ ምት የሚገኘው ከኮሮቹ መካከል አንድ ሁለቱ ብቻ ሲሠሩ እንጂ ሁሉም በአንድነት ሲደክሙ አይደለም።

ኮር የሚባለው በፕሮሰሰሩ ውስጥ ራሱን ችሎ ሥራ የሚቀበል የስሌት ክፍል ነው። ራይዘኑ 16 ኮሮች አሉት፤ ኢንቴሉ 24 አሉት። እንግዲህ 24 ከ16 ይበልጣልና ኢንቴሉ ይሻላል ብሎ የሚፈርድ ገዢ ይኖራል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የራይዘኑ 16ቱም ኮሮች እኩል ብርቱዎች ናቸው። ከኢንቴሉ 24 ኮሮች ግን ታላላቆቹና ብርቱዎቹ 8 ብቻ ሲሆኑ፤ የቀሩት 16 ጥቂት ቦታና ጥቂት ኤሌክትሪክ የሚበቃቸው ታናናሾች ናቸው። ይህን በመሥሪያ ቤት ብንመስለው፤ አንደኛው ክፍል 16 እኩል የተማሩ ባለሙያዎች ያሉበት ነው፤ ሁለተኛው ክፍል ደግሞ 8 የበላይ ባለሙያዎችና 16 ጸሐፊዎች ያሉበት ነው። የሠራተኛውን ቁጥር ብቻ ቆጥሮ የትኛው ክፍል ብዙ ሥራ እንደሚጨርስ መናገር አይቻልም። በራይዘኑ ውስጥ እያንዳንዱ ኮር ሁለት የሥራ መሥመር በአንድ ጊዜ ይይዛል፤ በኢንቴሉ ግን ሁለት የሚይዙት ታላላቆቹ ብቻ ናቸው። ስለዚህ በመጨረሻ ድምሩ ሲታይ ሁለቱም እኩል 32 የሥራ መሥመር አላቸው።

ሌላው በወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ካሽ የሚባለው ነው። ካሽ ፕሮሰሰሩ በየጊዜው የሚፈልገውን ነገር በቅርብ የሚያስቀምጥበት ስፍራ ነው። አንድ ሠራተኛ ዘወትር የሚያስፈልገውን ፋይል በጠረጴዛው መሳቢያ ቢያኖር፤ በየጊዜው ወደ መዝገብ ቤት ከመመላለስ እንደሚድን ያለ ነው። ሦስተኛው ደረጃ ተብሎ የሚጠራው ካሽ በራይዘኑ 64 ሜጋባይት፤ በኢንቴሉ 36 ሜጋባይት ነው፤ በሁለተኛው ደረጃ ግን ኢንቴሉ 32 ሲኖረው ራይዘኑ 16 ብቻ አለው።

የአሠራራቸውም ብልሃት ይለያያል። ኢንቴሉ ስፋቱ ወደ 257 ካሬ ሚሊ ሜትር ከሆነ ከአንድ ወጥ የሲሊከን ገበታ የተሠራ ነው። ራይዘኑ ግን ሦስት ቁራጮች ጎን ለጎን ተገጥመውበት የተሠራ ነው፤ ሁለቱ እያንዳንዳቸው 8 ኮር የያዙና ወደ 70 ካሬ ሚሊ ሜትር የሚሰፉ ናቸው፤ ሦስተኛው ከውጭ ጋር የሚያገናኛቸው ነው። የዚህም ጥቅሙ በፋብሪካው ውስጥ ነው። በሰፊ ገበታ ላይ አንዲት እንከን ብትገኝ ገበታው በሙሉ ሊበላሽ ወይም ከደረጃው ዝቅ ሊል ይችላል፤ በትንሽ ቁራጭ ላይ ብትገኝ ግን የሚጣለው ያው ትንሽ ቁራጭ ብቻ ነው። የራይዘኑን ቁራጮች የሚያመርተው የታይዋኑ ቲ.ኤስ.ኤም.ሲ. ሲሆን፤ ኢንቴል የራሱን በራሱ ፋብሪካ ያመርታል።

ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ማን ይፈጥናል? ሁሉንም ኮር በሚያደክም ሥራ፤ ለምሳሌ ፊልም በማቀናበር፤ የሕንፃ ሥዕል በሦስት ገጽታ በመሣልና ታላላቅ ፕሮግራሞችን በማዘጋጀት ሁለቱ እጅግ የተቀራረቡ ናቸው። በአንዱ ፈተና አንዱ ያሸንፋል፤ በሌላው ፈተና ሌላው ያሸንፋል፤ ልዩነቱም አብዛኛውን ጊዜ በመቶኛ ሲሰላ ጥቂት ነው። በጥቂት ኮሮች በሚሠራ ነገርና በጨዋታ ፕሮግራሞች ኢንቴሉ በመጠኑ ይቀድማል። ራይዘኑ ደግሞ ባለ 512 ቢት የስሌት ትእዛዝ የሚቀበል ስለ ሆነ፤ ይህን ለሚጠቀሙ አንዳንድ የሳይንስ ስሌቶች ብልጫ አለው፤ ኢንቴሉ ይህ ትእዛዝ የለውም። እንግዲህ ፍርዱ በፍጥነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በእኩልነት ባበቃ ነበር። ልዩነታቸው ጎልቶ የሚወጣው ፍጥነቱ የሚያስከፍለውን ስንመረምር ነው።

ስለ ኤሌክትሪክ ፍጆታ በሣጥኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ጥንቃቄ ያሻዋል። ለኢንቴሉ የተጻፈለት 125 ዋት ነው፤ ለራይዘኑ 170 ዋት ነው። ይህን ያነበበ ሰው ኢንቴሉ ቆጣቢ ነው ብሎ ያምናል። ነገር ግን 125 ዋት የኢንቴሉ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም፤ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ኩባንያው ራሱ የፈቀደለት ልክ 253 ዋት ነው፤ የራይዘኑ ልክ 230 ዋት ነው። አንዳንድ ማዘርቦርድ ሠሪዎች ደግሞ በፈተና ለመቅደም ሲሉ የኢንቴሉን ልጓም ስለ ለቀቁት ከ300 ዋት በላይ የሚወስድበት ጊዜ ነበር። ሁለቱም ፕሮሰሰሮች ብርቱ ማቀዝቀዣ ካልተደረገላቸው ይግላሉ፤ ራይዘኑ እስከ 95፤ ኢንቴሉ እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ እንዲደርሱ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ሆኖም ራይዘኑ ባለቤቱ ሲፈልግ ልኩን ወደ 105 ወይም ወደ 65 ዋት ደረጃ የሚያወርድበት ቁጠባ የሚባል ስልት አለው፤ በ105ቱ ደረጃ ሲሠራም ከጉልበቱ የሚያጣው ጥቂት ነው።

የዚህን ትርጉም በቀላል ስሌት እንየው። ሁለት ኮምፒዩተሮች አንድ ዓይነት ሥራ እየሠሩ በመካከላቸው የ100 ዋት ልዩነት ቢኖር፤ በቀን 8 ሰዓት፤ በዓመት 250 ቀን ቢሠሩ፤ ልዩነቱ በዓመት 200 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። አንድ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያሉ 20 ኮምፒዩተሮች ቢኖሩት 4,000 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። መብራት በሚቋረጥበት ጊዜ የሚተካው ባትሪና ጄኔሬተርም በዚያው መጠን ይከብዳል። በሌላ ወገን ግን እውነቱን አንሸሽግም፤ ኮምፒዩተሩ ተከፍቶ ሥራ ፈትቶ በሚቀመጥበት ጊዜ አነስተኛ ኤሌክትሪክ የሚወስደው ኢንቴሉ ነው፤ የራይዘኑ የተከፋፈሉ ቁራጮች እርስ በርሳቸው ለመገናኘት ዘወትር ኃይል ይፈልጋሉና።

ቀጥሎ ዋጋውን እንመርምር። በወጡበት ጊዜ የራይዘኑ ዋጋ 699 ዶላር፤ የኢንቴሉ 589 ዶላር ነበር። ልዩነቱ 110 ዶላር ነው። ፕሮሰሰር ግን ብቻውን አይሠራም፤ የሚገጠምበት ማዘርቦርድና ራም ያስፈልገዋል። ራይዘኑ አዲስ ዓይነት ማዘርቦርድና ዲ.ዲ.አር. 5 የሚባለውን፤ ያን ጊዜ ውድ የነበረውን ራም ብቻ ይቀበል ነበር። ኢንቴሉ ግን ከእርሱ በፊት ለወጣው ትውልድ በተሠሩ ማዘርቦርዶች ላይ፤ በርካሹ በዲ.ዲ.አር. 4 ራም ጭምር መሥራት ይችል ነበር። ስለዚህ በ2022 መጨረሻ ገበያ የወጣ ሰው በቅን ሚዛን ቢመዝን፤ እኩል ፍጥነት በአነስተኛ ገንዘብ የሚሰጠው ኢንቴሉ ነው ብሎ መፍረዱ ትክክል ነበር። የራይዘኑም ዋጋ ጥቂት ወራት ሳይሞላው ከ600 ዶላር በታች መውረዱ ገበያው እንደዚሁ መፍረዱን ያሳያል።

ዓመታት ሲያልፉ ግን ሚዛኑ ዞረ። ለዚህም ሁለት ምክንያቶች አሉ።

የመጀመሪያው የመግጠሚያው ዕድሜ ነው። ኢንቴሉ የሚቀመጥበት ኤል.ጂ.ኤ. 1700 የሚባለው መግጠሚያ በጥቅምት 2023 ከወጣው ከሚቀጥለው ትውልድ አላለፈም፤ በጥቅምት 2024 የወጣው የኢንቴል ኮር አልትራ ሌላ መግጠሚያ፤ ስለዚህም ሌላ ማዘርቦርድ የሚጠይቅ ሆነ። የራይዘኑ ኤ.ኤም. 5 የሚባለው መግጠሚያ ግን ቀጠለ፤ በነሐሴ 2024 የወጣው ራይዘን 9 9950 ኤክስ በዚያው በ2022 በተገዛው ማዘርቦርድ ላይ፤ የማዘርቦርዱን ፕሮግራም ከማደስ በቀር ሌላ ለውጥ ሳይደረግ ይገጠማል። መጀመሪያ ውድ የነበረው ማዘርቦርድ ሁለተኛ ፕሮሰሰር ሲቀበል ዋጋው በሁለት ተከፈለ ማለት ነው።

ሁለተኛውና ከባዱ የመታመን ነገር ነው። የኢንቴል የ13ኛውና የ14ኛው ትውልድ ብርቱ ፕሮሰሰሮች ያለ ምክንያት ፕሮግራም ያቋርጣሉ፤ ኮምፒዩተሩንም ያስቆማሉ የሚል አቤቱታ እየበዛ መጣ። በ2024 ኢንቴል መርምሮ እንደ ገለጸው፤ ፕሮሰሰሩ ከሚገባው በላይ የኤሌክትሪክ ግፊት ይጠይቅ ነበር፤ በዚህም ግፊትና በሙቀቱ ምክንያት የኮሮቹን ምት የሚያደርሰው ክፍል ያለ ዕድሜው ያረጅ ነበር። ኩባንያው ከነሐሴ 2024 ጀምሮ ማስተካከያ ፕሮግራም አወጣ፤ የዋስትናውንም ዘመን በ2 ዓመት አራዝሞ ከ3 ዓመት ወደ 5 ዓመት ከፍ አደረገው። ማስተካከያው ግን ገና ያልተጎዳውን ይጠብቃል እንጂ የተጎዳውን አያድንም፤ የተጎዳው መለወጥ አለበት። ፍርዳችን ሚዛናዊ እንዲሆን፤ በሌላው ወገን የሆነውንም እንጨምር። በ2023 ጸደይ ወራት በኤ.ኤም.ዲ. የራይዘን 7000 ትውልድ ውስጥ ተጨማሪ ካሽ የተደረበባቸው አንዳንድ ፕሮሰሰሮች በማዘርቦርድ የግፊት ብዛት ተቃጥለው ነበር፤ ኩባንያው የግፊቱን ልክ ወሰነና ነገሩ ቆመ። ከሁለቱም የምንማረው አንድ ነው። ሠሪዎች በፈተና ላይ ከመቶ ጥቂት ብልጫ ለማግኘት ዕቃውን እስከ ዳር ሲገፉት፤ የብልጫውን ዋጋ የሚከፍለው ገዢው ነው።

ዋስትናም ቢሆን ጥቅም የሚሰጠው ተጠያቂው ሻጭ በቅርብ ሲገኝ ነው። ከባሕር ማዶ በዘመድ ሻንጣ የመጣ ፕሮሰሰር በሦስተኛው ዓመት ቢታመም፤ የ5 ዓመት ዋስትና የሚል ወረቀት በእጅ መኖሩ ብቻውን ዕቃውን አይተካም። በጨረታ የሚገዛ መሥሪያ ቤትም በውሉ ውስጥ ማን፤ የት፤ በስንት ቀን እንደሚለውጥ ካላስጻፈ ያው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሦስተኛ ምስክር እንጥራ። በሚያዝያ 2023 ኤ.ኤም.ዲ. ራይዘን 7 7800 ኤክስ 3 ዲ የተባለውን በ449 ዶላር አወጣ። ይህ ፕሮሰሰር ኮሮቹ 8 ብቻ ናቸው፤ ነገር ግን 96 ሜጋባይት ሦስተኛ ደረጃ ካሽ አለው። በጨዋታ ፕሮግራሞች ሲፈተን በጠቅላላው ከሁለቱም ታላላቆች ቀደመ፤ የሚወስደውም ኤሌክትሪክ ከእነርሱ እጅግ ያነሰ ነው። ፊልም በማቀናበር ሲፈተን ግን ወደ ግማሽ ያህላቸው ብቻ ሆነ። እንግዲህ በአንዱ ሥራ ርካሹ ያሸንፋል፤ በሌላው ሥራ ርካሹ ይሸነፋል። ከዚህ የምንረዳው፤ ሥራው ምን እንደ ሆነ ሳይነገር የትኛው ፕሮሰሰር ይሻላል ብሎ መጠየቅ መልስ የሌለው ጥያቄ መሆኑን ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ቀኑን ሙሉ ፊልም ለሚያቀናብር፤ የሕንፃ ንድፍ ለሚሠራ መሐንዲስ፤ የሕዝብ ቆጠራን የመሰለ ሰፊ አኃዝ ለሚመረምር ባለሙያ፤ ከሁለቱ አንዱን መግዛት ገንዘብን በሥራ ላይ ማዋል ነው፤ በቆየ ሚዛንም የሚመረጠው ራይዘኑ ነው። ደብዳቤ ለሚጽፍ፤ ሠንጠረዥ ለሚሞላና ኢሜይል ለሚልክ ሠራተኛ ግን ከሁለቱ አንዳቸውም አያስፈልጉትም። የእርሱ ፕሮሰሰር አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፈው የጣቱን ምት በመጠበቅ ነው። በብዙ መቶ ዶላር ኃያል ፕሮሰሰር ገዝቶ ለዚህ ሥራ ማስቀመጥ፤ አባቶቻችን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ያሉት ነው። ለእርሱ የሚበጀው መካከለኛ ፕሮሰሰር ከበቂ ራምና ኤስ.ኤስ.ዲ. ከሚባለው ፈጣን ማከማቻ ጋር ነው፤ ኮምፒዩተሬ ዘገየብኝ ሲል ብዙውን ጊዜ የሚያዘገየው የእነዚህ ጉድለት ነውና።

ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት አራት ነገሮችን ጠይቁ። አንደኛ፤ ይህ ኮምፒዩተር በየቀኑ የሚሠራው ሥራ ምንድር ነው? በዚያው ሥራ ተፈትኖ ያሳየው ውጤትስ የት አለ? ሁለተኛ፤ የፕሮሰሰሩ ዋጋ ከማዘርቦርዱ፤ ከራሙና ከማቀዝቀዣው ጋር ሲደመር ስንት ነው? ሦስተኛ፤ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራና ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ስንት ዋት ይወስዳል? አራተኛ፤ ከ3 ዓመት በኋላ በዚያው ማዘርቦርድ ላይ አዲስ መግጠም ይቻላልን? ቢበላሽስ የሚለውጠው ማን ነው?

እነዚህን አራቱን የሚመልስ ሻጭ ሲገኝ ቁጥሩ ሁሉ ትርጉም ያገኛል። የማይመልስ ከሆነ ግን፤ ያቀረበው ወረቀት የቱንም ያህል በጊጋኸርትዝ ያጌጠ ቢሆን፤ በእጃችሁ ያለውን ብዕር ለጊዜው ወደ ኪሳችሁ መመለስ ይሻላል።